በጥዑመልሳን ስም

ባሌ ጥዑመልሳን የሞተው ጋምቤላ ክልል በተባለች በሁለተኛው ዓመት፣ በመስከረም፣ ባሮ ሞልቶ መንገዱን በበላበት ሳምንት ነው። ወባ ነው አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ ወንዙ ዳር እየወረደ የውሃውን ከፍታ በደብተር ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነበር። የሚሠራበት የውሃ ቢሮ ስሙን ሦስት ጊዜ ሲቀያይር እሱ ያንኑ ደብተር እንደያዘ ቀረ። ልጃችን የሺአረግ የውሃ ነገር የገባት ከእሱ ነው። ከእኔማ ምን ታገኛለች፤ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩ።

የሺአረግ ያን ጊዜ ኖርዌይ ዶክትሬቷን ትማር ነበር። የበረዶ ትምህርት ነው። «ከጋምቤላ ሙቀት ተነስታ በረዶ?» እያሉ ይስቁብኛል። «ያንተስ ልጅ ምን አጠና? የማንጎ ጥላ?» እላለሁ።

ለአባቷ በየወሩ ትጽፋለች። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ ስስ በረዶ አለ፤ የብስ ላይ ደግሞ እንደ ተራራ የተከመረ፣ ጫፉ ባሕር ውስጥ የገባ በረዶ አለ። ስሱ እየቀነሰ ሲሄድ ትልቁ ምን ይሆናል? ጥናቷ ይህ ነው። ኅዳር ላይ ወደ ደቡብ ዋልታ የሚወስዳት መርከብ ነበረ። በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሄደው።

ሬሳው ከቤት ሳይወጣ ወሰንኩ፤ ትምህርቷን እስክትጨርስ መርዶ አይነገራትም። «አፉን የከፈተ ደጄን አይረግጥም!» ብዬ ለቀስተኛውን ሁሉ አስጠነቀቅሁ። ሰው በባዕድ አገር ብቻውን መርዶ አይረዳም፤ ጊዜ ይመረጥለታል። እንዲህ ያደረግሁት እኔ የመጀመሪያዋ አይደለሁም።

ደብዳቤዋ ግን መልስ ይፈልጋል። ጎረቤቴን መምህር ጋትደትን ጠራሁት። ኑዌር ነው፤ የአማርኛ ጽሕፈቱ ከወንድሞቼ ይበልጣል።

«በጥዑመልሳን ስም ጻፍልኝ» አልኩት። «እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጋትደት ይጽፍልኛል በል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እማማ፣ በሞተ ሰው አፍ ልናወራ ነው?»

«አንተ ጻፍ፤ ኃጢአቱ የኔ ነው።»

«እኛ ጋ ሰው ሲሞት ወሬው በዚያው ቀን ይሮጣል።»

«የናንተ ይሩጥ። የኔ ልጅ ግን መርከብ ያመልጣታል።»

ሳቀ፤ እጁ ግን ከበደው። ጻፈ።

መጀመሪያ «ደህና ነኝ፣ በርቺ» ብቻ ነበር የማስጽፈው። ኋላ ግን የእሷ ደብዳቤ ሲነበብልኝ አላስችል አለኝ። እኛ ጋ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ሸምበቆውን ነቅለውት፣ ክረምቱ ሳይወጣ ዳርቻው በሞገድ እየተመታ ሲናድ በዓይኔ አይቻለሁ። ጥር ላይ እንዲህ አስጻፍኩ፦ «ልጄ፣ ሙቀቱን ትለኪያለሽ። ሞገዱንስ? ስሱ በረዶ ከፊቱ ሲጠፋ ትልቁን ከሞገድ የሚከልለው ምንድን ነው?»

መልሷ አራት ገጽ ሆኖ መጣ። «አባዬ፣ ጥያቄህን ለመምህሬ ነገርኩት፤ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል አለኝ» ትላለች።

ጋትደት ቀና ብሎ አየኝ። «እማማ፣ ዶክተሯ ማን ናት?»

«ዝም ብለህ አንብብ!» አልኩት። ያን ቀን ግን ገበያ የወጣሁት አንገቴን ቀና አድርጌ ነው። ባሌ ከሞተ ዓመት ሳይሞላው! አፍሬ ነው የምናገረው።

በተከታዩ ዓመት ግንቦት ላይ ጨርሳ መጣች። ከአውሮፕላኑ ስትወርድ የጥናቷን ጥራዝ አቅፋለች።

«አባዬስ?»

«ጎሬ፣ ጠበል ሄዷል» አልናት። አበላኋት፣ አስተኛኋት። ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ገብተው አረዷት። ስለ ጩኸቷ አልናገርም።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤዎቹን ሁሉ ይዛ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«መቼ ነው የሞተው?»

«መስከረም ላይ። መርከቡ ሳይሄድ።»

አንዱን ወረቀት ነጥላ አወጣች። «ይህ የተጻፈው ጥር ነው። እማዬ፣ ይህን ጥያቄ ማን ነው የጠየቀኝ? አንድ ምዕራፍ ሙሉ የጻፍኩት ከዚህ ተነስቼ ነው። መግቢያው ላይ አባቴ የጠየቀኝ ብያለሁ።»

እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር። ሳይሞት የነገረኝ ነው ብላት ታምነኝ ነበር፤ ዓይኗም የሚለምነኝ ይህንኑ ነበር። ያን ያህል ጊዜ የዋሸ አፍ አንድ ቀን ቢጨምር ምን ነበረበት? ኩራቴ ቀደመኝ። የተማረው ሁሉ ያላየውን እናቴ አየች ትበል አልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አራት አድርጋ አጠፈችው።

«እንግዲያው አባዬ ምንም አልጠየቀኝም» አለች። «በረዶው መሀል ሆኜ ሳወራው የከረምኩት እሱ አልነበረም።»

«ለትምህርትሽ ብዬ እኮ ነው...»

«አለቅስ ነበር፣ እማዬ። አልቅሼም እማር ነበር።»



ሳምንት ሳይሞላት ወደ ኖርዌይ ተመለሰች። መቃብሩ ጋ የሄደችው ብቻዋን ነው፤ እንዳልከተላት ጋትደትን ልካብኝ። ጥራዙንም ይዛው ሄደች።

አሁን ደብዳቤዋ በኔ ስም ይመጣል። አንድ ገጽ አይሞላም። ደህና ነኝ፣ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ፣ ይላል። ስለ በረዶ አንድ ቃል የለበትም። እኔ ግን በየጊዜው አስጽፋለሁ፦ ሞገዱ እንዴት ሆነ? ትልቁ በረዶ ተሰነጠቀ ወይ?

«ይህንንም ልጻፍ?» ይለኛል ጋትደት።

«ጻፍ» እለዋለሁ። ይጽፋል። እሷ አትመልስም።