የደብዳቤው የመጨረሻ መስመር

"እዚች ጋ ይፈርሙ፣ እትዬ።"

ደብዳቤ ጸሐፊው ገና ከማተሚያው የወጣውን ወረቀት ገፋ አደረገላት። ሰፈርተኛው "አንቀጽ" ይለዋል፤ ሕግ ባይማርም ያለ ሕግ ቃል አያወራም። እሷ ግን እስክሪብቶውን አላነሳችም። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚታየው የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው።

የልብስ ፋብሪካው የእንፋሎት መተኮሻ ካቃጠላት ሁለት ወር ሆኗታል። ጣቶቿ አልታጠፍ ስላሉ ሐኪሙ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልግሻል ብሏታል። ፋብሪካው ደግሞ "እጇ ድኗል፤ ከእንግዲህ ለሕክምና አንከፍልም፤ ቅሬታ ካላት እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት በእንግሊዝኛ ታቅርብ" ብሎ ጽፎላታል። አለቆቹ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። አሁን አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው።

"መጀመሪያ አንብብልኝ።"

"አነበብኩልዎት እኮ!"

"በእንግሊዝኛ ነዋ ያነበብከው። በአማርኛ ንገረኝ፣ አንድ በአንድ።"

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ አፈረች። እናቷ እንዲህ ናት፤ መድኃኒት ሲሰጧት ብልቃጡን አገላብጣ ትመረምራለች፤ በር ቆልፋ ከወጣች በኋላ ሦስቴ ትመለሳለች።

"እማ፣ የፋብሪካው ቢሮ ይዘጋብናል" አለች ቀስ ብላ።

"ይዘጋ። አንዴ ተቃጥያለሁ፤ ይበቃኛል።"

አንቀጽ በረጅሙ ተንፍሶ ጀመረ። አደጋው የደረሰበት ቀን ትክክል ነው። ማሽኑ መበላሸቱን ቀድማ ለአለቃዋ መናገሯም ተጽፏል። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን አወፈረ።

"ይህችኛዋ የሕግ ናት፤ 'በዚህ ጉዳይ ያለኝ ጥያቄ ሁሉ ሙሉ በሙሉና ለመጨረሻ ጊዜ ተቋጭቷል።' ማሰሪያዋ ናት። እሷ ከሌለች ደብዳቤው ከረባት ያላሰረ ጠበቃ ነው የሚመስለው።"

"የማን ጥያቄ ነው የተቋጨው?"

"የ... የእርስዎ።"

"ጣቴ ሳይታጠፍ?"

"አጻጻፍ ነው፣ እትዬ! እንዲፈሩ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአንድ ሾፌር የጻፍኩት ነው፤ የእርስዎን ታሪክ አስገብቼ ማሰሪያዋን እንዳለች ተውኳት።"

"ሾፌሩ ምን ሆኖ ነበር?"

"እግሩ ተሰብሮ። ድኖ፣ ካሳውን ተቀብሎ..." አንቀጽ ንግግሩን ሳይጨርስ ዓይኑን ወደ ፋሻዋ መለሰ።

ልጅቷ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ፊቷ ተለዋወጠ።

"እማ፣ እውነትሽን ነው። ይህን ከፈረምሽ ሁለተኛ መጠየቅ አትችይም።"

"አሁን አስተካክዬ አወጣዋለሁ" ብሎ አንቀጽ ወደ ኮምፒውተሩ ሲዞር መብራቱ ድርግም አለ። ማተሚያው አቃስቶ ቆመ።

"በል አንቀጽ፣ ጨለማውን ክሰስልን!" አለ ከኋላ ተራ የሚጠብቅ ሰውዬ። የሳቀለት ግን አልነበረም።

ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል፤ ፋብሪካው ድረስ በእግር ሩብ ሰዓት ይፈጃል። መብራቱ አይመጣም፤ ይህን ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት። እስክሪብቶውን በግራ እጇ አነሳች።

"በእጅ ሊሰርዙት? ኧረ ይስቁብዎታል!"

"ይሳቁ።"

መስመሩን ሰረዘችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ወረቀቱ እስኪሰረጉድ። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"'ሕክምናዬ አላለቀም፤ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይቀረኛል።' ይህንን በእንግሊዝኛ ንገሪኝ። የሕግ ቃል እንዳትጨምሪበት።"

"አምጪው እኔ ልጻፈው፤ የኔ ጽሑፍ ያምራል።"

"ማማሩ ምን ይሠራልኛል?"

ቀኝ እጇን ከማንጠልጠያው አወጣች። ሕመሙ እስከ ትከሻዋ ሲዘልቅ ከንፈሯን ነክሳ፣ እስክሪብቶውን በማይታጠፉት ጣቶቿ መካከል ሸጎጠችው።

"ድኗል ያሉት እጅ ይጻፈው" አለች። "በይ፣ የመጀመሪያዋን ቃል ፊደል በፊደል ንገሪኝ።"