የእረፍት ቀን ከሰል

ሼፉ ይህን ቀን ሲጠብቅ ነው የከረመው። ሳምንቱን ሙሉ በሰው አገር፣ መስኮት በሌለው የሬስቶራንት ማድቤት ውስጥ ሽንኩርት ሲከትፍና ዘይት ሲፈናጠርበት ይውላል፤ ክንዱ በጠባሳ ተዥጎርጉሯል። የእረፍት ቀን ሲመጣ ታዲያ የአገሩ ልጆች ከመጋዘኖቹ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ተሰባስበው ኳስ ይጫወታሉ፣ ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ደስ ይላል አይደል? ለማን? ለእነሱ ነዋ! ሼፉንማ ገና ከመኪና ሳይወርድ ከሰል ያሸክሙታል።

ዛሬ ግን ቆርጦ ነው የመጣው። አዲስ ታኬታ ገዝቷል። ጠዋት አጥልቆት ምንጣፍ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ አብሮት የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ አይቶት "የማን ሰርግ ነው?" ብሎ ቀለደበት። ሼፉ ታኬታውን ፈትቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አንድ ጨዋታ፣ አንዲት ጨዋታ ብቻ መጫወት ነው የፈለገው።

ሜዳው ላይ አምበሉ ተቀበለው። አምበሉ የአክስቱ ልጅ ነው፤ ታክሲ ነጂ ነው፣ በእረፍት ቀን ግን ሹመት ያገኘ ይመስል ሁሉን አዛዥ እሱ ነው።

"መጣህልን የኔ ጌታ! ዶሮው እዚያ ነው፣ ከሰሉ ከዛፉ ሥር አለልህ።"

"ዛሬ እጫወታለሁ።"

"ትጫወታለህ፣ ምን ችግር አለው! ብቻ መጀመሪያ እሳቷን አያይዛት።"

ይቺን "መጀመሪያ" ሼፉ አሳምሮ ያውቃታል። መጀመሪያ እሳቱ፣ ቀጥሎ ዶሮው፣ ከዚያ "አደራ እንዳያርርብህ"፣ ከዚያ ፀሐይ ትጠልቃለች። ቢሆንም ይሉኝታ ያዘውና አያያዘ። ይሉኝታ ነው እኮ የፈጀን!

ለሁለት ሲከፈሉ አንድ ሰው ጎደለ። ሼፉ ዶሮ የሚገለብጥበትን መቆንጠጫ አስቀምጦ ታኬታውን ማሰር ጀመረ። እነሱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ውሻውን ሊያናፍስ የወጣ፣ ከየት እንደመጣ እንኳ የማያውቁትን የዚያ አገር ሰውዬ በእጅ ምልክት ጠርተው አስገቡት። ውሻውን ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ አምጥተው ሼፉ አጠገብ አሰሩት።

"ዶሮውን እንዳይነካብን እያየኸው!" አለ አምበሉ።

አሁንስ በዛ። ሼፉ መቆንጠጫውን እንደያዘ ሜዳው መሀል ገባ።

"አንተ ፀጉር አስተካካይ! ና እዚሁ ፀጉሬን ቁረጠኝ!"

"ምን ነካህ? ዛሬ እኮ እረፍቴ ነው።"

"የእኔስ ምኔ ነው? ባለ ታክሲውን ዛሬ ንዳ ያለው አለ? እኔ ብቻ ነኝ የማላርፈው?"

"ወደን መሰለህ?" አለ አምበሉ እያባበለ። "እጅህ ስለሚጣፍጥ እኮ ነው።"

ፀጉር አስተካካዩ ግን ሆዱ ነገር አይችልም። "እውነቱን እንንገረውና ይውጣልን! ኳስ አትችልማ! ባለፈው ስትገባ በራሳችን ጎል አገባህብን። ተማክረን ነው ያስቀረንህ።"

ሼፉ ክው አለ። ሙያው ተወዶለት መስሎት ስንት የእረፍት ቀን ጭስ ሲውጥ ኖሯል! ግን አላለቀሰም፣ ጮኸ።

"ተማክራችሁ? እሺ፣ ኳስ አልችልም! አንተስ? እንቁላል ስትጠብስ ጎረቤት እሳት አደጋ አልጠራብህም? ከመሀላችሁ ማን አንድ ድስት ጥዶ ያውቃል? ማብሰል አትችሉም ብዬ መብላት ከልክያችሁ አውቃለሁ?"

አምበሉ አቀርቅሮ ሣሩን በእግሩ ይነካካ ጀመር። ሼፉ መቆንጠጫውን እጁ ላይ አስቀመጠለት።

"አንተ ሂድና ጥበስ።"

ጨዋታው ተጀመረ። ሼፉ ሮጠ፣ እጁን አወጣ፣ "እዚህ!" አለ። ፀጉር አስተካካዩ እያየው ለሌላ ሰው አቀበለ። ደግሞ ሮጠ። ደግሞ አለፉት። ንዴቱ እግሩን ከድካም ይልቅ አከበደው።

በመጨረሻ ኳሷ ሰውዬው እግር ሥር ገባች። ሰውዬው የሼፉን ስም አያውቅም፤ ምክሩ ላይም አልነበረም። የተዘረጋ እጅ አየና አቀበለው። ሼፉ ሊመታት ሲል ሳታት፣ በእግሮቹ መሀል ሾልካ ወጣች። የአገሩ ልጆች ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ሰውዬው በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር ብሎ አጨበጨበለትና፣ ኳሷን ሲያገኝ መልሶ ለእሱ ሰጠው።

የአክስቱ ልጅ የነፈገውን ባዳ ሰጠው። ሼፉን ያስለቀሰውም ይኸው ነው።