አምስተኛው ድቡልቡል

ስኳሩ ቀልጦ ከወተቱ ጋር መንተክተክ ሲጀምር ልብስ ሰፊዋ ማማሰያውን በሁለት እጇ ጨብጣ ድስቱ ላይ አጎነበሰች። እንፋሎቱ ፊቷን ቢለበልባትም ቀና አላለችም። ዓይንሽ ለምን ቀላ የሚላት ሰው ቢመጣ እንፋሎቱ ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ስልኳ ከጮኸ ወዲህ ያገኘችው መደበቂያ ይኸው ድስት ብቻ ነበር።

የደወለው አጎቷ ነው። ወንድሟ የሚነዳው ከባድ መኪና ሌሊቱን ከድልድይ ላይ ወድቋል። አጎቷ ይህን ብሎ እንደ ምንም ድምፁን ሰብስቦ፣ «ሬሳው ነገ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ለእናትሽም ለቤቱም ሰው ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። በማለዳ ሐኪሟን ይዤ እመጣና አብረን እንነግራታለን። ያን ልቧን ታውቂው የለ?» አላት።

ታውቀዋለች። እናቷ አምና የገዛ እህቷን ሞት በድንገት የሰማች ጊዜ ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ነው የተረፈችው። ሌላ እንዲህ ያለ ድንጋጤ እንደማትችል ሐኪሙ ቁርጡን ነግሯቸዋል። ስለዚህ ልብስ ሰፊዋ እስከ ነገ ጠዋት ድረስ ወንድም ያላት ሴት መምሰል ነበረባት።

ቀኑ ደግሞ ከቀን ሁሉ ተመርጦ የበዓል ዋዜማ ሆነ። በዚህ ቤት የበዓል ዋዜማ ማለት ከረሜላ የሚሠራበት ቀን ነው። አሠራሩስ ቀላል ነው፤ ስኳር፣ የዱቄት ወተት፣ ጥቂት ቅቤ፣ ተቆልቶ የተወቀጠ ኦቾሎኒ፣ ከዚያ ከድስቱ እስኪላቀቅ ማማሰል። ከባዷ እናትየዋ ናት። ከልቧ ሕመም ወዲህ ምድጃ አጠገብ መቆም ስለተከለከለች በሩ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ «እሳቱን ቀንሺ፤ ኧረ ጠርዙን አትርሺው፤ ምነው ዛሬ እጅሽ ከበደ?» እያለች ታዛለች።

ከድስቱ መጀመሪያ የሚወጣው የቤተሰቡ ድርሻ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው እንቁላል የሚያህል አንድ ድቡልቡል ይሠራና ሳይደርቅ ባለቤቱ አውራ ጣቱን ይጫንበታል፤ በጣቱ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ሙሉ ኦቾሎኒ ይሰካበታል። የእንግዳው በቢላ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሟ መንዳት ሲማር የአውራ ጣቱን ጫፍ የመኪና በር ስለቆረጠበት የእሱ ምልክት አጭርና ክብ ነው። መንገድ ላይ ሆኖ ያልደረሰ እንደሆነ እናቱ አውራ ጣቷን አጥፋ በጣቷ አንጓ ትጫንለታለች፤ ቁርጥ የእሱን ይመስላል። የቤት ስሙ «ሌባው» ነው። ከረሜላው ሳይበርድ ሲሰርቅ ምላሱን አቃጥሎ እጅ ከፍንጅ ያልተያዘበት በዓል የለም።

«እስቲ ለሌባው ደውይለት፤» አለች እናትየዋ። «የት ደርሶ ይሆን?»

ልብስ ሰፊዋ ማማሰያውን ለታናሽ እህቷ ሰጥታ ወደ ግቢ ወጣች። የማድ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው። እናቷ ጆሮዋን ጣል እንደምታደርግ ስለምታውቅ ዝም ብላ ቆይታ መመለስ አልቻለችም። የተዘጋ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ «ሃሎ፤ አዎ፣ እኔ ነኝ፤» አለች። ትንሽ ጠበቀች። «ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። አንተስ... ደህና ነህ?»

 እንደማይመልስላት እያወቀች ጠየቀችው፤ እንደማይመልስላት እያወቀች ደግሞ መልሱን ጠበቀች። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። «እሺ፣ እሺ፣ እነግራታለሁ፤» ብላ ስልኩን ኪሷ ከተተችና በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠራርጋ ገባች።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል።»

ቀኑን ሙሉ ከተናገረችው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ከውሸቶቿ ሁሉ ከበዳት።

«ምነው ሳታገናኚኝ?»

«ተቋረጠብኝ፣ እማዬ።»

እናቷ አጉረምርማ ወደ ባሏ ዞረች። አባትየው ጡረታ የወጣ ሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ጆሮው ከከዳው ቆይቷል። የሚሰካውን ኦቾሎኒ እንዲገለፍፍ ተሰጥቶት፣ ሁለት ሲገለፍፍ አንድ እየበላ ጥጉን ይዞ ተቀምጧል።

«ልጁ ሌብነቱን ከማን ወረሰው ይሉኛል!» አለች እናትየዋ።

«ምን አልሽ?»

«ብላ አልኩህ፣ ብላ!»

ታናሿ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች። ኦቾሎኒውን ድስቱ ውስጥ ገልብጣ እንደገና ታማስል ጀመር።

ድብልቁ ከድስቱ ሲላቀቅ ማካፈሉ የእሷ ሥራ ነው። ያለ ሜትር የሚለካ እጅ አላት ይሏታል። መዳፏን ቅቤ ቀብታ ትኩሱን እየዘገነች አድቦለቦለች። መቃጠሉን ወደደችው፤ ለጊዜውም ቢሆን ሌላውን አስረሳት። ድቡልቡሎቹን ትሪ ላይ ደርድራ ለእናቷ አቀረበችላትና እጇን ታጠበች።

ታናሿ ተጫነች። አባትየው መነጽሩን አስተካክሎ፣ ሰዓት እንደሚጠግን ሰው ተጠንቅቆ ተጫነ። ልብስ ሰፊዋ ተጫነች። እናትየዋ የራሷን ከተጫነች በኋላ አውራ ጣቷን አጥፋ ትሪውን ተመለከተች። ያልተነካ ድቡልቡል አልነበረም።

«የሌባውስ?»

ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ አፏን ስትጠብቅ ውላለች፤ እጇንም መጠበቅ እንዳለባት ግን አልመሰላትም ነበር። እጇ ጠዋት የሰማችውን አምኖ ለአራት ሰው አካፍሏል።

«ውይ! ረሳሁት፤» አለች።

«ዘንድሮ ሌባው ራሱ ተሰረቀ!» አለች ታናሿ ከት ብላ እየሳቀች።

እናትየዋ አልሳቀችም። ልጁ መንገድ ላይ መዋልና ማደር ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በአሥራ አንዱም ዓመት ከሁሉ በፊት የሚሠራው የእሱ ነበር። የትልቋን ልጇን እጅ አየች፤ ከዚያ ፊቷን አየች።

«ቅድም በስልክ... የእኔን እንዳትበሉብኝ አላለሽም?»

ወንድሟ ሁልጊዜ ከሰላምታ በፊት የሚላት ይህንኑ ነው። ልብስ ሰፊዋ ብሎኛል ልትል አፏን ከፈተች፤ ውሸቱ ግን እምቢ አላት። 

«እማዬ...»

«ሳይደርቅ አድቦልቡይው፤» አለች እናቷ በዝግታ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ድስቱ ዞረች። ለእንግዳ ከቀረው በባዶ መዳፏ ዘግና፣ ቅቤውን ረስታ አድቦለቦለችና ትሪው ላይ አኖረችው። እናትየዋ ትሪውን ጭኗ ላይ ሳበች። የታጠፈው አውራ ጣቷ ወደ ድቡልቡሉ ወረደ፤ ሊነካው ጥቂት ሲቀረው ቆመ።  ግራ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ።

ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ወድቃ የእናቷን የእጅ አንጓ ያዘች። የደም ሥሩን ፈለገችው፤ አጣችው፤ እንደገና ፈለገችው። ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ አጎቷም ሩቅ ነው፤ ነገ ጠዋት ከሁሉም ይርቃል። እባክሽ፣ አለች በሆዷ፣ እባክሽ አንቺ ደግሞ እንዳትሄጂብኝ፤ በአንድ ቀን ሁለት አልችልም። ከጣቷ ሥር የደም ሥሩ አንድ ጊዜ መታ፤ ቆየና እንደገና መታ።

«እኩለ ቀን ነው ያልሽኝ?»

«አዎ።»

እናትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ድቡልቡሉን ሳትጫንበት አንስታ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

«አንቺ ትንሿ፣» አለች ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ «ጎረቤት ሂጂና ወንበር ለምኚልኝ። ነገ ሰው ይበዛል፤ ያለን አይበቃንም።»

ታናሿ ሳቋ ፊቷ ላይ ደርቆ አንዴ እናቷን አንዴ እህቷን እያየች ባለችበት ቀረች።

አባትየው የተባለውን አልሰማም። የተጨበጠውን መዳፍ ግን አይቶ ኖሮ ከወንበሩ ብድግ አለና የሸሚዝ ኪሱን በርብሮ በወረቀት የተጠቀለለች ነገር አወጣ። ወረቀቱን ፈታው። ከሁሉ የምትተልቅ አንዲት ኦቾሎኒ ነበረች፤ ተገልፍፋለች፤ አልተሰነጠቀችም።

«ይቺን ለልጁ ብዬ ነው ያስቀመጥኳት፤» አለ ጮክ ብሎ፣ እጁን ወደ ሚስቱ እየዘረጋ። «በይ ክፈቺው፣ ልሰካለት።»