ከወለሉ ስር
የደቡብ ካሮላይና ሙቀት ሲመጣ ቬርሎን ከቤቱ ወለል ስር ያለውን ባዶ ቦታ የሚያናፍሱትን የአየር ቀዳዳዎች ይከፍታል፤ አባቱም እንደዚያው ያደርጉ ነበር። «ቤት መተንፈስ አለበት!» ይላል። ሚስቱ ኦዴሳ «የውጪው አየር እርጥብ ነው፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል፣ ዝጋው» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ዛሬ ከወለሉ ስር በሆዱ ተስቦ ገባና ወለሉን የተሸከመውን እንጨት በካቻቢቴ ወጋው። እንጨቱ ውሃ እንደነካው ዳቦ ካቻቢቴውን እስከ እጀታው ዋጠው። ከላይ ሳሎኑን የሞሉት የቤተክርስቲያን ዘማሪዎች ናቸው።

«ኦዴሳ! እንጨቱ በስብሷል፣ ሰዎቹን ቀስ አድርገሽ አስወጪ!»

ኮቴዎቹ አንድ በአንድ ወደ በረንዳው ራቁ። አንዱ ግን ልክ ከራሱ በላይ መጥቶ ቆመ።

«አንቺስ? ውጪ እንጂ!»

«መጀመሪያ ማን ልክ እንደነበረ ንገረኝ» አለች ኦዴሳ።

ወለሉ ሲጥ አለ።

«አንቺ! አንቺ ነሽ!»

«አልሰማሁህም፤ ጮክ በል፣ በረንዳ ያሉትም ይስሙ።»