ወይዘሮ ጽጌሬዳ የሳቁ ዕለት

አማቻቸው ኤልሳዕ «ሐረር ላይ የበረዶ መንሸራተቻ ልከፍት ነው» ብሎ ሲነግራቸው፣ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ደጃፍ ላይ ደርድረው የውሃ ቦቴ እየጠበቁ ነበር። አቦከር ሰፈር ባለው ቤታቸው ቧንቧው ጠብ ካለ ሳምንታት አልፈዋል። ቀና ብለው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ከምን ልትሠራው? ከምራቅ?»

ኤልሳዕ ሳቀ። ሁልጊዜም እንደሳቀ ነው። ወይዘሮ ጽጌሬዳን ከምንም በላይ የሚያንገሸግሻቸውም ይኸው ነበር፤ ይህ ሰው ስድብ አያርፍበትም። አንድ ልጃቸው ገሊላ ፋርማሲ ተምራ፣ ስንት ሽማግሌ ደጃቸውን ሲጠና ከርሞ፣ መርጣ መርጣ እሱን አገባች። ሰውየው መጀመሪያ ዶሮ አረባ፤ ዶሮዎቹ ባንድ ጊዜ ተጠራርገው አለቁ። ቀጥሎ ጂም ከፈተ፤ ዛሬ ብረቶቹ ላይ የሚሰጣው የጎረቤት ልብስ ነው። አሁን ደግሞ በረዶ።

«ሰው ሥራ አጥቶ ይደኸያል» ይሉ ነበር ለጎረቤታቸው ለአሚና። «እሱን ግን የሚያደኸየው ሐሳብ ነው። አንድ ዓመት ምንም ሳያስብ ቢቀመጥ ሀብታም ይሆን ነበር።»

«ያ ረቢ፣ ተዪው እንጂ» ይሏቸዋል አሚና። «ልጁ ልቡ ደግ ነው።»

«ደግነቱን እዚያው ያቀዝቅዘው።»

የምረቃው ቀን ግን አልቀሩም። ደስታውን ሊካፈሉ አልነበረም፤ ሲከሽፍበት በዓይናቸው ለማየት ነው የሄዱት። ከአሮጌው ከተማ ግንብ ውጭ፣ በአዲሱ ከተማ፣ ገና ቀለም ያልተቀባ ፎቅ ምድር ቤት ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ጠበቃቸው። በሩ ላይ በተሰቀለው ባነር፣ በረዶ ባለበሰው የጥድ ዛፍ መሀል ቀይ ሹራብ ያደረገ ነጭ ልጅ ጥርሱን ያሳያል።

«ይሄ ደግሞ የማን ልጅ ነው? የፈላና በር ሰፈር ልጅ ነው?» አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ ወደ አሚና ጠጋ ብለው። አሚና በሻሻቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

የክብር እንግዳው፣ የከተማው ንግድ ቢሮ ምክትል ኃላፊ አቶ ደረጀ፣ ሰው ጠብቆ ጠብቆ መነሣት ሲጀምር ጥርሱን በስቴኪኒ እየጎረጎረ መጣ። ማይክሮፎኑን ሲጨብጥ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሣ፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣውንና ድምፅ ማጉያውን ባንድ ላይ አልችል አለ። ኤልሳዕ ሁለቱን ገመዶች ይዞ፣ አንዴ በረዶውን አንዴ ባለሥልጣኑን ሲያይ ቆየና የማቀዝቀዣውን ነቀለው።

«አየሽልኝ?» አሉ ወይዘሮ ጽጌሬዳ። «ለወሬ ሲል በረዶውን አቀለጠው።»

አቶ ደረጀ ስለ ልማት ተናገረ፤ ስለ ቱሪዝም ተናገረ፤ ሐረር ከታላላቆቹ የዓለም ከተሞች ተርታ ስለ መሰለፏም ተናገረ። እሱ ሲናገር በረዶው ያልበው ጀመር። በመጨረሻ ኤልሳዕ ያንን ከሥሩ ስለት ያለውን የመንሸራተቻ ጫማ አጎንብሶ ሲያቀርብለት፣ ሰውየው በእጁ ገፋ አደረገው። በጥቁር ቆዳ ጫማው፣ ለካሜራ እጁን እያውለበለበ፣ በረዶው ላይ ወጣ።

ሁለተኛውን እርምጃ አልጨረሰውም። እግሮቹ ወደ ላይ፣ ክራቫቱ ወደ ፊቱ፣ በመቀመጫው ዷ ብሎ ወረደ፤ ከዚያም እንደተቀመጠ ቀስ ብሎ እየዞረ እስከ ወዲያኛው ጥግ ተንሸራተተ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ የሳቁት በዚያ ጸጥታ መሀል ነው። ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር፣ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። የእሳቸው ሳቅ የሌላውንም ፈታው፤ ያ ሁሉ ሰው ባንድ አፍ አወካ። ሮጦ ያነሣው ኤልሳዕ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የኤልሳዕ የበረዶ ቤት በር ታሽጎ ተገኘ። ምክንያቱ «የደኅንነት ማረጋገጫ ስላልተሟላ» የሚል ነው። ወዲያው ደግሞ በሰው በሰው እውነተኛው ምክንያት ደረሰ፤ ያቺ ሴትዮ ቢሮ መጥታ ይቅርታ ትጠይቅ ተባለ።

ገሊላ ዓይኗ አብጦ መጣች። «እማ፣ ስለ እኔ ብለሽ» አለቻቸው።

ኤልሳዕ ግን ከኋላዋ ቆሞ ራሱን ነቀነቀ። «አይሂዱ እናቴ። እኔም እኮ ዘወር ብዬ ስቄያለሁ። እርስዎን የመሰለ ሰው እንደዚያ ላለ ሰው ደጅ አይጠናም።»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ይህንንም ከሞኝነቱ ቆጠሩት። ደጁ የታሸገበት ሰው እንዲህ ይኮራል? ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

አቶ ደረጀ በረንዳው ላይ ባለው አግዳሚ ብዙ ካስጠበቃቸው በኋላ አስገባቸው። ወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ ደርቦ ተቀምጧል። በዕድሜ ከገሊላ እምብዛም የማይበልጥ ሰው ነው።

«በወደቀ ሰው ይሳቃል እናቴ?» አለ፣ ቀና ሳይል።

ይቅርታውን ባጃጅ ውስጥ ሲያጠኑት ነበር የመጡት፤ ምላሳቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ለዚህ? ጥርሱን እየጎረጎረ ለሚመጣ ሰው? እናም ይቅርታ ከመጠየቅ የሚቀለውን አገኙ።

«እኔ የሳቅሁት በእርስዎ አይደለም» አሉ። «በአማቼ ነው።»

ሰውየው ቀና አለ።

የዶሮውን ነገሩት። የጂሙን ነገሩት። የሰው ፊት እየበራ ሲሄድ ማየት ደግሞ ያበረታል፤ ስለ ጀሪካኖቹና ስለ ምራቁም ነገሩት። አቶ ደረጀ ወገቡን ይዞ፣ «ኧረ አያስቁኝ፣ ያመኛል!» እያለ ተንፈራፈረ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠራ።

«መቅደስ! ነይማ፣ ነይ ስሚ! እናቴ፣ እስቲ ያንን ደግመው ይንገሯት።»

ደገሙት። ጸሐፊዋ በግዴታ ፈገግ አለች።

«እኔማ ገና ሳየው ነው ያወቅሁት» አለ አቶ ደረጀ እንባውን እየጠረገ። «አቅመ ቢስ! ገመድ ይዞ ሲቃዥ አላየሁትም መሰለዎት? የምታሳዝነው ልጅዎ ናት። የተማረች ሴት እንዲህ ያለ የማይረባ ነገር ተሸክማ ትኑር?»

ወይዘሮ ጽጌሬዳ ይህን ቃል ያውቁታል። ስንት ዓመት ሙሉ ለአሚና፣ ለዘመድ፣ ለራሷ ለገሊላ ሲሉት የኖሩት ቃል ነው። ከዚህ ሰው አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ቃል ሆነባቸው። ያ ገመድ የያዘ ልጅ ማቀዝቀዣውን የነቀለው ይህ ሰው እንዲለፈልፍበት ነበር። ወድቆ ሲሳቅበት ሮጦ ያነሣውም እሱ ነው፤ ሌላ ማንም አልተነሣም። «አፍህን ዝጋ» ሊሉት ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ሰውየው ስልኩን አንሥቶ፣ «ያንን የበረዶ ቤት ክፈቱለት፣ ይጫወትበት» እያለ ነበር። ዋጡት።

«ብቅ እያሉ ያስቁን እንጂ» አላቸው ሲሸኛቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አሉት ወይዘሮ ጽጌሬዳ። ደረጃውን ሲወርዱ የጨበጣቸውን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። ቢጠርጉትም ያው ነው። እሱ ባለጌ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ባለጌ ፊት አማቻቸውን አዋርደው የወጡ ሴት ናቸው። ከሁለቱ ማንኛው እንደሚብስ ለመመዘን አልደፈሩም።

ቅዳሜ በረዶው ተከፈተ። ኤልሳዕ ከገሊላ ጋር እቤታቸው ድረስ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ክንዳቸውን ይዞ ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ልጆች ግድግዳ ተደግፈው እየተንገዳገዱ ይስቃሉ፤ አንዷ በመቀመጫዋ ተቀምጣ «ግፉኝ!» ትላለች።

«ይህን ቤት ያስከፈቱልኝ እናቴ ናቸው!» ይላል ኤልሳዕ ለገባው ሁሉ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ሰውየውን ምን ብለው አለዘቡት ግን?»

«ዝም በል» አሉት ፊታቸውን አዙረው።

ሳቀ። አጠገባቸውም ወንበር ስቦ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ስላሰበው ነገር ያጫውታቸው ጀመር፤ ዓሣ ማርባት ነው። በዚሁ ከተማ፣ በጣሪያ ላይ። ወይዘሮ ጽጌሬዳ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰውም ዘጉት። ዓሣ! እስኪጨርስ ድረስ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ሰሙት።