ቅዳሜ ቅዳሜ የሚዘገየው ሰዓት

ፊሽካ የሚሉት ሰውዬ መኪና ሊገዛ ሄዶ ሰዓት ገዝቶ ተመለሰ ቢባል ሐሜት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም።

በጡረተኛው የጥርስ ሐኪም ግቢ የቆመችው እንግሊዝ ሠራሽ መኪና ከገዢዋ እኩል ያረጀች ነበረች። ጥቁር ቀለሟ በየበሩ ጠርዝ ተልጧል፣ የኋላ ወንበሯ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፣ መሪዋ በቀኝ ነው። ሐኪሙ ኮፈኑን ከፍተው ስለ ሞተሩ ማስረዳት ሲጀምሩ፣ ፊሽካ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አንገቱን በግራው መስኮት አስገባ። ዳሽቦርዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቡናማ እንጨት ነው። ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ለፊት፣ በዕቃ ማስቀመጫው ክዳን ላይ፣ የሻይ ብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ሰዓት ተገጥሟል፤ ጥቁር ፊት፣ ነጫጭ ቁጥሮች፣ እንደ መርፌ የቀጠኑ ቆጣሪዎች። ከሥሩ ቆጣሪዎቹንም የምታዞር፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል መሙያ አለችው። ጠቅ ጠቅ ይላል።

«ፋብሪካው የገጠመው ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ያው ራሱ! ማንም አልነካውም። ዓርብ ዓርብ ይሙሉት እንጂ ደቂቃ አይሰርቅዎትም።»

«ከሰረቀኝስ?»

ሐኪሙ ሳቁ። «እስከ ወሩ መጨረሻ አንዲት ደቂቃ ከሰረቀዎት መኪናዋን ይመልሱልኝ፣ ገንዘብዎን ይውሰዱ።»

ፊሽካ እጁን ዘርግቶ ጨበጣቸው። ሞተሩ ይነሳ አይነሳ እንደሆነ የጠየቀው ከከፈለ በኋላ ነው።

ሰውየው በሰዓት ቢያብድ አይፈረድበትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት በአውቶቡስ ጣቢያ ስምሪት ላይ ሠርቷል፤ ቅጽል ስሙንም ያገኘው አውቶቡሶቹን ከሚያስነሳበት ፊሽካ ነው። ጡረታ ሲወጣ ፊሽካውን አስረከበ፤ ሕጎቹን ግን ይዟቸው ወጣ። አንደኛው ሕግ፣ በሥራ ላይ የእጅ ሰዓት አይጠቀስም፤ የሚታዘዙት የጣቢያውን ሰዓት ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ቀድሞ መድረስ ከመዘግየት አይለይም፤ የቀደመ አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆሞ ሰዓቱን ይጠብቃል።

እነዚህ ሕጎች ለማንም አላደሉም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ ልብስ ሰፊዋ ባለቤቱ ለታናሽ እህቷ ሠርግ የሰፋችውን የሙሽራ ዓይነ ርግብ ታቅፋ ወደ ጣቢያው ስትሮጥ፣ ከአውቶቡሱ በር ስምንት እርምጃ ሲቀራት ሰዓቱ ሞላ። ፊሽካ አያት። ነፋም። ቀጣዩ አውቶቡስ ከሦስት ሰዓት በኋላ ነበር። ይህን ታሪክ በየግብዣው «ለገዛ ሚስቴ እንኳ አላደላሁም!» እያለ ያወራል፤ ሰው ይስቃል። እሷም አብራ ትስቅና «ስምንት እርምጃ ነበር የቀረኝ» ትላለች።

መኪናዋ ቤት ስትደርስ፣ ባለቤቱ ጨርቅ የምታሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ በጣቷ እንደያዘች ወጥታ ዙሪያዋን አየቻት።

«ዕድሜ ልክህን አውቶቡስ ስታስነሳ ኖረህ፣ ለጡረታህ የማትነሳ አመጣህ?»

«ግቢና ሰዓቱን እዪ።»

ገብታ አየችው። መሪው በቀኝ ስለሆነ የሷ ወንበር ሌላ መኪና ሾፌሩን በሚያስቀምጥበት በኩል ነው፤ ሰፈሩን ሲያዞራት ጎረቤቱ ሁሉ ያለ መሪ የምትነዳ መስሎት ሲያፈጥባት እጇን እያውለበለበች አለፈች። ሰዓቱም ከፊቷ፣ እጇ የሚደርስበት ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያችው እህቷ ቤት ይሄዳሉ። ሦስት ሰዓት ተነስቶ አራት ሰዓት መድረስ ነው። ልክ በሦስት ሰዓት ጥሩምባውን ይነፋል፤ እሷ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ትሮጣለች። ሰዓቱን ዓርብ ማታ ሞልቶ ከሬዲዮ ጋር አመሳክሮታል። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ቤት ትቶታል፤ መኪናዋ የራሷ ሰዓት ካላት የጣቢያ ሰዓት ማለት እሱ ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ታዲያ፣ ማደያው ጋ ቆሞ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ከጨመረ በኋላ፣ ድልድዩን ሲሻገሩ ግንባሩን ቋጠረ።

«ቀደምን» አለ። ሰዓቱ እንደሚለው አሥር ደቂቃ ያህል ተርፏቸዋል። «ይቺ መኪና ለካ ሳትናገር ትፈጥናለች!»

«እኔም እሱን ልልህ ነበር» አለች ባለቤቱ።

ሕግ ሕግ ነውና መንገድ ዳር ሜዳው ጋ አቆመ። እሷ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ አጋጣሚ ሆኖ ዘንቢሏ ውስጥ ሻይ የሞላ ቴርሞስና ሁለት ኩባያ ነበረ። ፊሽካ መጀመሪያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። በኋላ ተቀመጠ። ሻዩ ሲጋመስ የድሮ አለቃውን ድምፅ እያስመሰለ ያወራት ጀመር፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እንዲህ ካሳቃት ስንት ዓመት እንደሆነው ሊያስታውስ ሞክሮ አልቻለም።

እህቷ ቤት ሲገቡ የግድግዳው ሰዓት አራት ከአሥር ይላል።

«ሰዓታችሁ ቀድሟል» አለ ፊሽካ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ነው የቀደመው ወይስ እርስዎ ነዎት የዘገዩት?» አለች እህትየው ስልኳን እያሳየችው። ስልኩም አራት ከአሥር ይላል።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሩብ ሰዓት፣ በሦስተኛው ሃያ ደቂቃ ዘገዩ። ቅዳሜ ማታ ከሬዲዮ ጋር ካስተካከለው በኋላ፣ ከእሁድ እስከ ዓርብ ብቻውን ሲነዳ ግን ሰዓቱ ከሬዲዮው ዝንፍ አይልም። ፊሽካ ግራ ገባው። ወሩ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ቆረጠ።

«ሰኞ ለሐኪሙ እመልሳታለሁ።»

የባለቤቱ መቀስ ጨርቁ መሀል ቆመ። «ለሃያ ደቂቃ ብለህ?»

«እኔ እኮ የገዛሁት ሰዓቱን ነው። የማይታመን ሰዓት ይዤ በስተርጅና የሰው መሳቂያ ልሁን?»

ፊቷ ጭልም አለ፤ ያን ቀን ሻይም አላፈላችም።

ለሐኪሙ የሚያቀርበው ማስረጃ ያስፈልገዋልና፣ ሐሙስ ዕለት መኪናዋን ወደ ሰዓት ሠሪው ነዳት። ሰዓት ሠሪው ሁለት ብሎን ፈትቶ ሰዓቱን አወጣ፣ ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ከፈተው፣ «ከቀትር በኋላ ይመለሱ» አለው። ሲመለስ ሰዓቱ ተገጥሞ ጠብቆታል።

«ጤነኛ ነው» አለ ሰዓት ሠሪው። «እንዲህ ያለ ልብ ለኔም በሰጠኝ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እኮ ይዘገያል!»

«ሰዓት ቀን መርጦ አይታመምም፣ አባቴ። እሱ የሰው ዐመል ነው።» ጎንበስ ብሎ መሙያዋን በጥፍሩ ነካ አደረጋት። «ይልቅ ይህ ሰማያዊ ዱቄት ምንድን ነው? ጥርሶቿ መሀል ገብቷል። ልጥረገው?»

ፊሽካ አየው። ያንን ሰማያዊ አርባ ዓመት ያውቀዋል፤ በትራሱ ላይ፣ በሸሚዙ አንገት ላይ፣ በበሩ እጀታ ላይ።

«ተወው» አለ።

መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ተቀመጠ። በየቅዳሜው ማደያው ጋ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ እሱ ራዲያተሩ ላይ ሲያጎነብስ፣ እሷ ቆጣሪዎቹን ወደ ኋላ ትመልሳለች! መጀመሪያ ተናደደ፤ «የደቂቃ ሌባ!» ብሎ ለብቻው ጮኸ። ወዲያው ግን የእህትየው ግድግዳ ትዝ አለው። ከሰዓቱ ጎን የሠርጉ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሙሽራዋ ዓይነ ርግብ የላትም፣ ከኋላዋ ዘመድ ሁሉ ተደርድሯል፣ የሱ ባለቤት ግን የለችም። ይህን ሁሉ ዓመት ሰዓቱን ሲያይ ፎቶውን ልብ ብሎ አላየውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እሱ ግን አልረሳውም፤ እንደ ጀብዱ ሲተርከው ነው የኖረው። ሦስት ሰዓት ወስዶባት እሷ ያስመለሰችው ሩብ ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሱንም ከሱ ጋር ቁጭ ብላ ሻይ ልትጠጣበት። ፊሽካ አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ቤት ሲገባ ባለቤቱ ቀና ሳትል ጠየቀችው። «ሰዓት ሠሪው ምን አለህ?»

«አርጅቷል፣ ምንም አይደረግለትም አለ።»

«ታዲያ... ትመልሳታለህ?»

«ያረጀ ሁሉ የሚመለስ ከሆነ እኔን ለማን ልትመልሺኝ ነው?»

ያን ቀን እያንጎራጎረች ስትቆርጥ አንድ ሙሉ እጅጌ ጠማማ አወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ ቀድሟት ወጣ። እሷ ዘንቢሏን ይዛ ደጁ ላይ ብቅ ስትል መኪናዋ ተነስታ ትንተከተካለች፣ እሱ መሪው ላይ ተቀምጧል። የለመደባት ነውና የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ መሮጥ ጀመረች።

«አትሩጪ!» አላት በመስኮቱ። «ገና ነው።»

በጥርጣሬ እያየችው ገብታ ተቀመጠች። ከቤት ስትወጣ ሦስት ሰዓት ሞልቶ ነበር፤ የመኪናዋ ሰዓት ግን ሁለት ተኩል ይላል። እሷ ደግሞ ዛሬ አልነካችውም።

«ምነው ይህ ሰዓት ዛሬስ ባሰበት?»

«አርጅቷል አልኩሽ እኮ።»

መሪውን የጨበጠ እጁን አየች። አውራ ጣቱ ላይ ሰማያዊ ጠመኔ አለ። ሁለቱም ኮስተር ሊሉ ሞከሩ፤ ግን ከንፈራቸው እምቢ አላቸውና በሳቅ ፈነዱ። እሷ ዓይኗን በመሐረቧ ጠረገች፤ ሁሉም የሳቅ እንባ አልነበረም።

«ውይ፣ ቴርሞሱን ረሳሁት!» አለች በድንገት። በሩን ከፍታ ወረደችና፣ የአርባ ዓመት ልማድ ሆኖባት ፊቱን ለማየት ቆም አለች።

ፊሽካ ቁልፉን አዞረና ሞተሩን አጠፋው። መኪናዋ አንዴ ከጠፋች ሳይለምኗት እንደማትነሳ ሁለቱም ያውቃሉ።

«ሂጂ አምጪው» አላት። «አውቶቡሱ ቆሞ ይጠብቅሻል።»

ሄደች። ስትመለስ አልሮጠችም፤ እሱም እርምጃዋን እየቆጠረ ጠበቃት።