የገዛኸኝ መሳፈሪያ

ወሰንየለሽ ወንድሟ ገዛኸኝ ደሴ ሆስፒታል ማረፉን ከሰማች ጀምሮ አላለቀሰችም። ቆቦ፣ ግቢዋ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ ለቀስተኛው ሞላ፤ እሷ ስልኳን ይዛ ድርቅ ብላ ተቀመጠች። ሬሳውን የሚያመጣው ሹፌር ሦስት ሺህ ብር ካልገባልኝ ንቅንቅ አልልም ብሏል። አይ ሰው!

ጎረቤቷ ኢልሀም ጠጋ ብላ፣ «እቴ፣ መዋጮው በኔ ስልክ ይላክ፤ አንቺ አርፈሽ አልቅሺ» አለቻት።

«እህቱ እያለሁ? ለገዛኸኝ መሳፈሪያ የሌላ ሰው ቁጥር ልስጥ? ሰው ምን ይለኛል!»

ይቺ «ሰው ምን ይለኛል» ስንቱን ቤት አፈረሰች! ወሰንየለሽ የራሷን ቁጥር ሰጠች። ኅዳር ላይ ለሽንኩርቷ ውኃ መሳቢያ ናፍጣ ስትገዛ ሒሳቧ ቢጎድልባት፣ ባንኩ በስልኳ ሁለት ሺህ ብር በብድር ሞልቶላት ነበር። የብድሩ ክፍያ በየቀኑ እየተቆለለ እንደሚሄድ ማን ነገራት? ቢነግሯትስ፣ ያን ቀን የሚታያት የጠወለገው ሽንኩርት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ አጎቷ ታደሰ ከዋጃ አንድ ሺህ ላኩ። ስልኩ ጮኸ፦ «ለዕዳዎ ተቀንሷል። በሒሳብዎ ያለው ገንዘብ ዜሮ።» ደግማ አነበበችው። ምንም አልተሰማትም። የገዛኸኝ የሥራ ባልደረቦች ስምንት መቶ ሰደዱ፤ እሱንም ዕዳው ዋጠው። በዚህ ቁጥር አትላኩ ማለት ነበረባት፤ ግን በለቀስተኛ መሃል ባለዕዳ ነኝ ልትል? አክስቷ ተናኜ ከጎብዬ ዶሮዎቻቸውን ሸጠው ዘጠኝ መቶ ሲልኩ እንኳ ቁጥሩን አልቀየረችም።

ሹፌሩ ደወለ። «እህቴ፣ ልምጣ ወይስ ልተወው?»

ስልኩን ሳትዘጋው ሌላ መልእክት ገባ፦ «ዕዳዎን ከፍለው ጨርሰዋል፤ እናመሰግናለን። አሁን እስከ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር መበደር ይችላሉ።»

«እሺ» የሚለውን ተጫነች፤ ሦስት ሺውን ለሹፌሩ አስተላለፈች።

ኢልሀም አጠገቧ ሆና አየች። «ወይኔ ወሰኔ! ምነው ብትነግሪኝ!» አለች በሹክሹክታ።

ሬሳው ከደሴ ተነሣ ሲባል ድንኳኑ በዋይታ ተናወጠ። ወሰንየለሽ ብቻ ቁጭ እንዳለች ናት። አክስቷ ተናኜ ደወሉ።

«ልጄ፣ ያቺ የዶሮዎቼ ብር ደረሰች? ገዛኸኝን አሳፈረችልኝ?»

«ደርሳለች አክስቴ» አለች፤ «በሷ ነው የተሳፈረው።»

ያን ጊዜ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለቀስተኛውም፣ ወንድሟ አሁን ገና ታወሳት ብሎ፣ አብሯት አለቀሰ።